ልትመነኩሺ ነው እንዴ?

ሥነ መለኮት ልማር ነው ስል አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይሄንን ነበር። አይ፣ አልመነኩስም፣ ሥራዬንም አልተውም አልኳት። "ታዲያ ቄስ አትሆኚ፣ መነኩሲት አትሆኚ፣ ገንዘብሽን ምን ላይ ነው የምታፈሺው?" ጥያቄው ተገቢ ነው። አገር ቤት እኛ ካቶሊኮች በ2007ቱ ቆጠራ 0.7 በመቶ ብቻ ነን፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ምእመን ሆኖ ለአገልግሎት ማስተርስ የሚማር ሰው አክስቴ አይታ አታውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

አሁን ማስረዳቱ ትንሽ ቀሏል። ሊዮ 14ኛ በ2025 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ሲመረጡ ቺካጎ ያለው ካቶሊክ ቲዎሎጂካል ዩኒየን በአንድ ቀን ዝነኛ ሆነ። እሳቸው በ1982 ማስተርስ ኦፍ ዲቪኒቲያቸውን (ለአገልግሎት የሚያዘጋጀውን የሥነ መለኮት ማስተርስ) የያዙት እዚያ ነው። እኔ የተማርኩት እዚያ አይደለም። ግን የእኔም ትምህርት ቤት የተሠራው በዚያው መልክ ነው። ቅሬታም ስለማነሳ ስሙን ልተወው።

እንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ከየት መጡ? ድሮ እያንዳንዱ ገዳማዊ ማኅበር የራሱ ዘርዓ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ነበረው፤ ብዙውም ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ካለቀ በኋላ ግን ካህን ከሕዝብ ርቆ ለምን ይሠለጥናል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1968 ፍራንቸስካውያን፣ ፓሽዮኒስቶችና የማርያም አገልጋዮች የሚባሉት ማኅበራት ቺካጎ ሃይድ ፓርክ ላይ ያንን ካቶሊክ ቲዎሎጂካል ዩኒየን አንድ ላይ ከፈቱ። ሌሎቹም፣ የሊዮ ማኅበር አውግስጢኖሳውያንም፣ ተከተሉ። ከዚያ ለመነኩሲቶችና ለምእመናን በሩ ተከፈተ። 2021 ላይ ትምህርት ቤቱን ዶሚኒካዊት እህት ባርባራ ሪድ በፕሬዚዳንትነት ያዙት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሁሉም ግን አልቀናውም። ዋሽንግተን የነበረው መሰሉ በ2013 ተዘግቷል።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ። ገዳማውያኑ ተማሪዎች በየማኅበራቸው ቤት ይኖራሉ። ጠዋት አብረው ይጸልያሉ፣ ማታ አብረው ይበላሉ፣ የምግብ ማብሰል ተራ አላቸው፣ የታመመ ሲኖር ሾርባ የሚያመጣለት አለ። እኛ ምእመናኑ ደግሞ ከሥራ ወጥተን፣ ባቡር ላይ እያነበብን፣ ለማታው ክፍል እየተንጠለጠልን እንደርሳለን። ክፍል ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ። የማኅበረሰቡ ቅዳሴና ምሳ የሚደረገው በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነበር። "ሁላችሁም ተጋብዛችኋል" የሚለውን ኢሜይል የማነበው ቢሮዬ ተቀምጬ ምሳ ዕቃዬን እየከፈትኩ ነው። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ሰዓቱን ያወጣው ሰው እዚያው ግቢ የሚኖር ስለነበር ነው።

የአሜሪካ ጳጳሳት በ2005 ባወጡት ሰነድ ላይ ምእመናን አገልጋዮችም ልክ እንደ ካህናቱ ሰብአዊ፣ መንፈሳዊ፣ አእምሯዊና ሐዋርያዊ ሕንጸት (ለአገልግሎት መታነጽ) ያስፈልጋቸዋል ይላሉ። አእምሯዊው በማታ ክፍልም ይሆናል። ሰብአዊው ግን ብቻውን ባቡር ውስጥ እንዴት ይመጣል?

ለእኔ ነገሩ የተለወጠው የአንዱ ማኅበር ቤት አለቃ፣ አንድ ሽማግሌ አየርላንዳዊ፣ "ሐሙስ ማታ ከክፍል በኋላ ወጥ ቤታችን ክፍት ነው" ሲል ነው። የቀረ ምግብ ነበር የሚበላው፤ ማንም አላሰማመረውም። ናይጄሪያዊው በርበሬ ያበዛል፣ ቪየትናማዊው ሩዝ ሳይቀርብ ራት በላሁ አይልም፣ እኔ ድርቆሽ ይዤ እሄዳለሁ። ሳህን የሚያጥበው እንግዳም ቢሆን ተራው የደረሰው ነው። እኔ ካህን ሳህን ሲያጥብልኝ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ "ኧረ አባ፣ ይተዉት" እያልኩ ስፖንጁን እቀማቸው ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። በጣም ለመድኩት እንዲያውም።

ጾም ላይ ግን ሳንግባባ ቀረን። ለእነሱ የዐቢይ ጾም ዓርብ ማለት ሥጋ መተው ነው፤ በዚያ አካባቢ ቁምስናው (አጥቢያው) ሁሉ ዓርብ ዓርብ ዓሣ ይጠብሳል፣ ቢራም አይጠፋም። እናቴ ያሳደገችኝ በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ ጾም ስል ወተትም ቅቤም የለም። አይብ የተከመረበት ፒዛ አዝዘውልኝ "ሥጋ የለውም!" ብለው በኩራት ሲያቀርቡልኝ ምን ልበል? አይቡን ገፍፌ ዳቦውን በላሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ናይጄሪያዊው ባቄላ ቀቅሎ ጠበቀኝ።

ሌላው የቸገረኝ ክብ ሠርተው ተቀምጠው የልብን ማውራት ነው። የሕንጸቱ አንድ አካል ነው፣ ማምለጫ የለውም። "ዛሬ እግዚአብሔርን የት አገኘሽው?" ይሉሻል። ሆድ ይፍጀው እየተባለ ያደገ ሰው እንዴት አድርጎ ነው በአምስት ሰው ፊት ይሄን የሚመልሰው? ብዙ ጊዜ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፌያለሁ። ሳህን እያጠብን ግን አወራሁ። አባቴ ሲሞት አገር ቤት አለመሄዴን መጀመሪያ የነገርኩት እዚያ ማጠቢያ ላይ ነው፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነን፣ ውኃው እየጮኸ።

ከሁሉ በላይ የከበደኝን ልንገራችሁ። የስብከት ትምህርት አብረን ነበር የምንወስደው፤ ለክህነት የሚዘጋጁትም እኛም። ከሁላችንም የምትበልጠው አንዲት የሦስት ልጆች እናት የሆነች ሜክሲኳዊት ነበረች። ማስታወሻ አትይዝም። ወንጌሉን አንብባ ትንሽ ዝም ትልና ስትጀምር መምህሯ ራሷ እስክሪብቶ ታስቀምጣለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ወጣት ወንድም ደግሞ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ስብከቱ እንቅልፍ ነው። እሱም ያውቃል። በቤተክርስቲያን ሕግ በቅዳሴ ውስጥ ያለው ስብከት የካህንና የዲያቆን ነው። ስለዚህ እሱ ተቀባ፣ እሷ ሆስፒታል የታመሙትን የምትጎበኝ ቻፕሊን ሆነች።

በክህነቱ ቀን ሁላችንም ሄደን ነበር። እልል አልኩ፤ ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ። ደስታዬ እውነት ነው። ወዳጄን አጠገቤ ሳያት ግን ፊቷ ላይ ሁለት ነገር ነበር፣ እኔም ላይ ሳይኖር አይቀርም። በዚህ ጉዳይ በራት ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። አንዳንዱ ሥርዓት ነው አለ፣ አንዷ መነኩሲት ተቆጥታ ሹካዋን አስቀምጣ ወጣች። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሳ መጣች፤ ያንን ጭቅጭቅ ማስተናገድ የቻለው ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን።

አሁን ሁሉም ተበትኗል፤ የቀረን የዋትስአፕ ግሩፕ ነው፣ የሚበዛበትም የምግብ ፎቶ ነው። ያ እንቅልፍ ያልኩት ልጅ ትልቅ ቁምስና ላይ ተመድቧል። ቅዳሜ ማታ ስብከት አልመጣ ሲለው የሚደውለው ለሜክሲኳዊቷ ነው። እሷም መጀመሪያ "ስንት ትከፍለኛለህ?" ትለዋለች፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያወራሉ።