ይሉኝታና ሴስና

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ብሎን ስፈታ ዋልኩ። የሜሪላንድ ጥር ቀልድ አያውቅም፤ ሃንጋሩ ውስጥ አንዲት ማሞቂያ አለች፣ እሷም ከራሷ አልፋ ማንንም አታሞቅም። የአውሮፕላናችን ዓመታዊ ምርመራ ደርሶ ነው። በየ12 ወሩ ፈቃድ ያለው መካኒክ አገላብጦ አይቷት መዝገቧ ላይ ካልፈረመላት ከመሬት መነሳት አይፈቀድላትም። መካኒካችን ደግ ሰው ስለሆነ ክዳን መክፈቱን፣ ወንበር ማውጣቱን፣ ማጽዳቱን ለእኛ ይተውልናል፤ ያ ሁሉ በእሱ ሰዓት ቢሠራ ሒሳቡ አይቀመስም። እናም ካቻቢቴ ይዤ ክንፏ ሥር ተንጋልዬ ዋልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጣቶቼ በቅጡ አልታዘዙልኝም።

ሴስና 172 ናት፤ የ1974 ሥሪት። ታላቄ ናት ማለት ነው። ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1955 ሲሆን እስካሁን ከ44 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ በብዛት ተመርቶ ይህን የሚበልጥ አውሮፕላን በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ብርቅ ነገር አለኝ ብዬ አላስብም።

ሲሊንደሮቹ ሲለኩ ፕሮፔለሩን አጥብቄ የምይዘው እኔ ነኝ። መካኒኩ በ80 ፓውንድ ግፊት አየር ይለቃል፣ ጌጁ ሲሊንደሩ ምን ያህሉን እንደያዘ ይናገራል። 76፣ 74፣ 77። አራተኛው 68። መካኒኩ ጆሮውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠግቶ አዳመጠና "አርጅቷል እንጂ ይሠራል" አለ። ካንዴላዎቹ ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ ነበር፤ መኪና ከእርሳስ ከተገላገለ ቆይቷል፣ የእነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን ግን አሁንም አለበት። የሞተሩ ጭስ የሚያልፍበትን ማርሚታ ግን መካኒኩ ለማንም አያስነካም። የአውሮፕላኗ ማሞቂያ ከውጭ የገባውን አየር በጋለው ማርሚታ ዙሪያ አሳልፎ ወደ ውስጥ የሚልክ ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ከሙቀቱ ጋር ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል፤ አብራሪው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። መካኒኩ በባትሪና በመስታወት ረጅም ጊዜ አፈጠጠበት። ደህና ነው።

"አውሮፕላናችን" የምለው አራት ስለሆንን ነው። የእኔ ድርሻ ሩብ ነው፤ ስገዛው ከአዲስ ካምሪ ያነሰ ነው የከፈልኩት። ይህን የማነሳው ሐበሻ በሚበዛበት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚወራው ጆሮዬ ስለደረሰ ነው። "የአውሮፕላን ድርሻ ገዛ" ተብሎ የተነሳው ወሬ ቡና ቤት ለቡና ቤት ሲዞር ቆይቶ "ጄት ገዛ" ሆኗል። አንዱ ለመዋጮ ሲጠይቀኝ "አንተማ ምን ጎደለህ" አለኝ። የጎደለኝን ብዘረዝርለት ይመሽብን ነበር፦ የሃንጋር ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ይኸው ምርመራ፣ ጋሎኑ ከ6 ዶላር በላይ የሚሸጠው ሰማያዊ ቤንዚን። በሰዓት 8 ጋሎን ትጠጣለች። ትልቁ ወጪ ግን ገና ያልመጣው ነው። አምራቹ ሞተሩ 2,000 ሰዓት ሲሞላው ወርዶ ይታደስ ይላል፤ እድሳቱ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት በበረርን ቁጥር ለዚያ ቀን የምናስቀምጠው አለ። እድር ነው በአጭሩ፤ ሟቹ ታውቋል፣ ቀኑ አልታወቀም፣ ሁላችንም እናዋጣለን። ይህን ለሸሪኮቼ ሳስረዳቸው በጣም ወደዱት፤ አሁን የባንክ ደብተሩን ራሳቸው "እድር" ነው የሚሉት።

ከሸሪኮቼ አንዱ በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ስንተዋወቅ አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፈገግ ብለው "ጆን ሮቢንሰን" አሉ፣ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እኔ እንድሞላው እየጠበቁ። ሮቢንሰን በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ከሺካጎ ተነስቶ ለኃይለ ሥላሴ ሊበር የመጣ ጥቁር አብራሪ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች በረራ አስተምሯል። በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። እኚህ ሰውዬ ታሪኩን የሚያውቁት ልጅ ሳሉ ቤታቸው ይወራ ስለነበር ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ከእሳቸው ያነሰ ነው የማውቀው። ድርሻውን የሸጡልኝ ለዋጋው ነው ወይስ ለሮቢንሰን፣ ጠይቄያቸው ስቀው አለፉኝ።

ለምን ትበራለህ ለሚለኝ ሰው ጥሩ መልስ የለኝም። በጥቅምት ጠዋት አውሮፕላኗ ከምታድርበት ከፍሬድሪክ ተነስቼ ትንሽ ወደ ምዕራብ ስሄድ ሃርፐርስ ፌሪ አለ፤ የሸናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር የሚገናኝበት ገደል። ከዝናብ በኋላ ከሆነ አንዱ ደፍርሶ አንዱ ጠርቶ ጥቂት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ወደ ደቡብ አብዝቼ እንዳልሄድ ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ በዋሽንግተን ዙሪያ የተሠመረው የበረራ ገደብ ክልል አለ፤ ወደ ሰሜን ደግሞ የፕሬዝዳንቱ ማረፊያ የካምፕ ዴቪድ ክልል፣ ያውም ፕሬዝዳንቱ ሲመጣ የሚሰፋ። በሁለቱ መሃል ባለችው ሰማይ ማንም አይደውልልኝም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ካላረፍኩ ሰው መጫን አይፈቀድልኝም፤ እኔ ግን ሳልጭን የምበረውን ነው የምወደው። ምክንያቱን ኮለምበስ ስሄድ ነው በደንብ ያወቅኩት።

ሰው ማሳረፍ ይከብዳል ብሎ ያስባል። ማሳረፍ ይለመዳል። የጎን ነፋስም ይለመዳል፣ በሬዲዮ መነጋገሩም በሐበሻ አነጋገርም ቢሆን ይለመዳል። እንደኛ ላደገ ሰው የማይለመደው ለታላቅ "አይሆንም" ማለት ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ከመነሳትህ በፊት መዝናቸው የሚላቸው አራት ነገሮች አሉ፦ አብራሪው፣ አውሮፕላኑ፣ አካባቢው፣ አራተኛው ደግሞ የውጭ ጫና። አስተማሪዬ ለአራተኛው የሰጠኝ ምሳሌ ስብሰባ የሚረፍድበት ነጋዴ ነበር። አጎቴን አያውቃቸውማ።

ኅዳር ላይ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ የዘመድ ሰርግ ነበር። አጎቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ "በአንተ አውሮፕላን ነው የምንሄደው" ብለው ወሰኑ። እኔን ሳያማክሩ ለሙሽራው አባት ነግረዋል። የሙሽራው አባት ደግሞ ለሰርገኛው።

መጀመሪያ ክብደት መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሼ "ዘጠና አምስት" አሉ፣ እንዲያውም ኮራ ብለው። ባለቤታቸው እትዬ ጋ ስደርስ ግን ላብ አሰመጠኝ።

"ምን ሊያደርግልህ ነው?"

"እትዬ፣ አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ሒሳብ አለው።"

"ወፍራም ነሽ ነው የምትለኝ?"

በስንት ልመና "ሰባ" አሉ። ሚስቴ ከኋላቸው ቆማ ጣቷን ወደ ላይ አመለከተችኝ። ሰማንያ አምስት ብዬ ጻፍኩ።

አውሮፕላናችን ሰውም ዕቃም ነዳጅም ተደምሮ የምትሸከመው 385 ኪሎ ገደማ ነው። አራታችን ብቻ 322 መጣን። የቀረው 63 ኪሎ ነው፤ የምዕራብ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚመጣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ለሦስት ሰዓት ደግሞ ከ63 ኪሎ በላይ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ መጠባበቂያው ገና ሳይታሰብ። የኋላ ወንበር አለ ማለት የኋላ ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጣል ማለት እንዳልሆነ ለዘመድ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሚስቴ ከእህቷ ጋር በመኪና ለመሄድ ተስማማች፤ ደስ ብሏት ነው መሰለኝ። ሒሳቡ ገባ። ጠዋት እትዬ በጋቢ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘው ብቅ አሉ፤ እሱን የቆጠረው አልነበረም።

ፍሬድሪክ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ችግሩ መሃል ላይ ያሉት የአፓላቺያን ተራሮች ናቸው። ትንበያው ደመናው ጫፎቹን እስከ ቀትር እንደሸፈነ እንደሚቆይ፣ ደመናው ውስጥም በረዶ እንደሚጋገር ይናገራል። እኔ የመሣሪያ በረራ ፈቃድ የለኝም፤ በዓይኔ እያየሁ ነው የምበረው። ፈቃዱ ቢኖረኝም ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም አውሮፕላኗ በረዶ የምታራግፍበት ምንም ነገር የላትም። በረዶው ሲጋገርባት ክብደቱ ብቻ አይደለም የሚጎዳት፤ የክንፏ ቅርጽ ይበላሻል፣ አየሩም አይሸከማትም።

ጋሼ በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት፣ ጫማቸው እያበራ ክንፉ ሥር ቆመዋል። ቀና ብለው አዩ።

"ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው።"

"ጋሼ፣ ጥርት ያለው እዚህ ነው።"

"እንሂድና እንየው እስቲ። ካልሆነ እንመለሳለን።"

ይህችን ቃል ስንት ሰው ብሏት እንደሞተ ጋሼ አያውቁም። ካልሆነ እመለሳለሁ ያለ ሰው ተራራው ጋ ሲደርስ ደመናው ትንሽ ዝቅ ይልበታል፣ እሱም ትንሽ ዝቅ ይላል። እንደገና ዝቅ ይላል። ከዚያ ነጭ ውስጥ ይገባል። ነጩ ውስጥ ላይና ታቹን የሚነግረው ዓይኑ የለም፤ የውስጥ ጆሮው ደግሞ ቀጥ ብሎ እየሄደ ያለ እያስመሰለ ያጣምመዋል። ያንን ሁሉ ለጋሼ በዚያች ሰዓት ማስረዳት አይቻልም። ደግሞ ማስረዳት ከጀመርኩ እንደምሸነፍ አውቃለሁ፤ ክርክር ላይ የቤተሰባችን አንደኛ ናቸው።

"ጋሼ፣ ዛሬ አንበርም።"

"እሺ። አንተ ካልክ።" ያቺን "እሺ" የሚያውቅ ያውቃታል። ያልተቀየሙ የመሰሉ አዋቂዎች የሚቀየሙባት "እሺ" ናት።

በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኢንተርስቴት 70 ከፍሬድሪክ ኮለምበስ ድረስ አያስቀይርም። እትዬ ድፎውን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም። ፔንሲልቬንያ ስንገባ ጋሼ ድንገት "ያቺን አውሮፕላን አገር ቤት ብትወስዳት አይሻልም?" አሉ። እርቅ መስሎኝ በደስታ ማስረዳት ጀመርኩ። ፍሬድሪክ ከባሕር ወለል 93 ሜትር ነው፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፣ ፕሮፔለሩ የሚቧጥጠው ያንሰዋል፣ ክንፉም እንዲሁ። ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አየሩን ይበልጥ ስለሚያሳሳው አውሮፕላኗ መሬት ላይ ቆማ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ እንዳለች ነው የምትቆጥረው። የእኛዋ አቅሟ 4 ሺህ ሜትር ላይ ያልቃል፣ እንጦጦ ራሱ 3,200 ነው። ጋሼ በጥሞና ሰሙኝና "ታዲያ ምኑን አውሮፕላን ሆነች?" አሉ። እትዬ ከኋላ ሳቁ። የቀኑ የመጀመሪያ ሳቅ።

ዊሊንግ ስንደርስ ደመናው ተገፍፎ ፀሐይ ወጣ። ከትንበያው ቀድሞ። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሰማዩን አዩ፣ ዞረው እኔን አዩኝ፣ መስኮቱን ዘጉ። የምለው አልነበረኝም። ጠዋት በእጄ ላይ የነበረው የጠዋቱ ትንበያ ነው፤ የኋላውን ፀሐይ ይዤ መወሰን አልችልም ነበር። ያው ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ እላለሁ።

ሰርጉ ቤት ስንገባ ሁሉም "አውሮፕላኑስ?" ይላል። ጋሼ ሳልቀድማቸው "ሞተሯ ተበላሽታ ነው፤ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ አልቀን ነበር፣ ልጁ ነው ያወቀው" አሉ። ሰዉ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አመሰገነ። ጋሼ ፍርሃቴ እንዳይወራብኝ ብለው ሞተሯን መሥዋዕት አደረጉልኝ፤ ለእሳቸው የማይበር ብረት ከማይበር ወንድ ይሻላል። ሞተሯ ደህና ናት ማለት ነበረብኝ? በሰው ፊት ጋሼን ውሸታም ላደርግ ነው? ዝም ብዬ ክትፎዬን በላሁ። ለተራሮቹ ያልሰጠሁትን ይሉኝታ ለክትፎው ማዕድ ሰጠሁ።

ትናንት ደወሉ። "ያቺ የተበላሸችው ተሠራች ወይ?" አሉኝ። ራሳቸው ያወሩትን ራሳቸው አምነውታል። ለትንሣኤ ሰሜን ካሮላይና ያለችው ልጃቸው ጋ መሄድ አስበዋል፤ በዚያ በኩል ተራራ እንደሌለ ካርታ አይተው አረጋግጠዋል። ሚዛን እንደገዛሁና ከነሻንጣቸው ቆመው እንደምመዝናቸው ነገርኳቸው። ተስማሙ። እትዬ ከጀርባ ሆነው "እኔ በአውቶብስ ነው የምሄደው በለው" ሲሉ ሰማኋቸው።