ቲቸር ሳይመጣ፦ የኮምፒውተር ላቡ ፈንጂና ካርታ

ኢንተርኔት ባልገባበት የትምህርት ቤት ላብ ውስጥ ጌም አይጠፋም ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲጫን ማይንስዊፐር (የፈንጂው ጌም)፣ ሶሊቴርና ፍሪሴል (የካርታ ጌሞች) እንዲሁም ፒንቦል (ኳስ በመቺ የሚመታበት ጌም) አብረውት ይገባሉ። ላቡን የሚጠብቁት መምህር ከስታርት ሜኑ ቢያጠፏቸውም የጠፋው አቋራጩ ብቻ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭኖ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዊንማይን» ብሎ መጻፍ ፈንጂውን ይከፍታል፤ «ሶል» ደግሞ ካርታውን።

መምህሩ ሲመጡ በአልት ታብ ወደ ሌላ ወደተከፈተ ፕሮግራም መዝለል ብቻውን አያድንም። ከጀርባ ሌላ የተከፈተ ነገር ከሌለ የሚቀይረው የለውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወርድ ከፍቶ ግማሽ ገጽ መጻፍ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚያዘው ግን እታች ታስክባሩ ላይ በሚቀረው የጌሙ ስም ነው።

ለድብቅ ጨዋታ እንደ ማይንስዊፐር የሚመች የለም። ኤስኬፕን ሲነኩት ወዲያው እታች ይወርዳል። የመጀመሪያው ክሊክ ፈንጂ ላይ ቢያርፍ ጌሙ ራሱ ፈንጂውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል፤ ስለዚህ ሲጀምሩ መፍራት አያስፈልግም። ከባዱ ደረጃ 16 በ30 ሆኖ 99 ፈንጂ አለው። እዚያ የሚያዋጣው ቁጥር ማንበብ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር በዙሪያው ካሉት ቤቶች ስንቱ ፈንጂ እንደያዙ ይናገራል። ቀጥ ባለ ያልተከፈተ ረድፍ ሥር 1-2-1 ከተደረደረ ፈንጂዎቹ ከሁለቱ 1ዎች ፊት ናቸው፤ ከ2 ፊት ያለው ሰላም ነው። 1-2-2-1 ከሆነ ፈንጂዎቹ ከ2ቶቹ ፊት ናቸው። ስህተት የሚመጣው ባንዲራ የተተከለበትን ፈንጂ ሳይቀንሱ ሲያነቡ ነው፤ አጠገቡ አንድ የታወቀ ፈንጂ ያለው 2 እንደ 1 ይቆጠራል።

ጥፋቱ የማውሱም ሊሆን ይችላል። ኳስ ያለው ማውስ ውስጡ ቆሻሻ ሲይዝ ቀስቱ ይዘላል፤ ጣት ሌላ ቤት ላይ ይጫናል፣ ፈነዳ! ከሥሩ ያለውን ክብ ክዳን አዙሮ ኳሷን ማውጣት፣ ሁለቱን ዘንጎች የከበበውን ጥቁር ቆሻሻ በጥፍር መፋቅ፣ መልሶ መግጠም። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ፒንቦል በዜድና በስላሽ ቁልፎች ይመታል፤ ኳሱ በስፔስ ይወነጨፋል። ጠረጴዛውን አብዝቶ የነቀነቀ «ቲልት» ይባልና መቺዎቹ አይታዘዙትም። ማይክሮሶፍት ከኤክስፒ ቀጥሎ ከመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አስቀርቶታል። ለእኔ ከዚያ በኋላ የመጣ ዊንዶውስ ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል።

የናፈቀው ዛሬም ሊጫወታቸው ይችላል። የኤክስፒ ማሽን ካለ ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጦ ዊንዶውስ 10 ላይ መክፈት ነው። ማይንስዊፐር አንድ ፋይል ብቻ ይበቃዋል። ፒንቦል ፎልደሩ ሙሉውን ይፈልጋል፤ የድምፅና የሥዕል ፋይሎቹ ከተለዩት አይነሳም። ሶሊቴርና ፍሪሴል አልከፈት ካሉ የካርታዎቹ ሥዕል ያለበት «ካርድስ ዶት ዲኤልኤል» ተረስቷል ማለት ነው፤ ከሲስተም 32 ፎልደር አውጥቶ አጠገባቸው ማስቀመጥ ነው።