ባግሪር በጎጃም ማድ ቤት፦ ዐይን እንዲያወጣ

ባግሪር በሞሮኮና በአልጄሪያ የሚጋገር፣ ሥሩ ብቻ የሚበስል፣ ላዩ ከዳር እስከ ዳር ዐይን የሆነ ለስላሳ ስስ ቂጣ ነው። «ባለ ሺህ ቀዳዳ» የሚል ቅጽል አለው፤ በምሥራቅ አልጄሪያና በቱኒዚያ ደግሞ ገራይፍ ይሉታል። በረመዳን ማፍጠሪያ፣ በቁርስ፣ ከሰዓት በኋላ በናና ሻይ ይበላል። የሰሜን አፍሪካ ነባር ሕዝብ የሆነው የአማዚግ ዘመን መለወጫ በሆነው በየናየር፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 4 ቀን፣ በሰሜን አልጄሪያ ባለችው በቃቢሊያ ቤቶች ይጋገራል።

ለጎጃም ሰው ዐይን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ባግሪር እዚህ አገር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የእንጀራ እጃችን ነው። ምጣዱን እናግላለን፣ በጎመን ዘር እናሰሳለን፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል እያዞርን እናፈሳለን፣ አክንባሎ እንደፋለን። ባግሪር አራቱንም አይፈልግም። ምክንያቱ ከገባን የቀረው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ዱቄቱ። ባግሪር የሚሠራው ከሰሞሊና ነው፤ ሰሞሊና ማለት ማካሮኒ ከሚሠራበት ከጠንካራው የዱረም ስንዴ የሚወጣ፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ በጣት መሀል የሚሻክር ዱቄት ነው። በፉርኖ ዱቄት ብቻ ከተሠራ ዐይኑ ይደፈናል። የፉርኖ ዱቄት ልሞ የተፈጨ ስለሆነ ውሃና ምት ሲያገኝ ቶሎ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ሊጥ አረፋውን እንደ ፊኛ ይዞ ያስቀረዋል። ሰሞሊናው ሻካራ ስለሆነ ሊጡ አይለጠጥም፤ አረፋው ላይ ደርሶ ይፈነዳና ቀዳዳውን ክፍት ትቶ ይሄዳል። ትንሽ ፉርኖ የምንጨምረው ቂጣው ሲነሳ እንዳይቆራረስ ብቻ ነው።

ሰሞሊና ከሱቅ ከታጣ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ይቻላል። ስንዴው ዱረም ይሁን፤ ይፈተግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ከቅንጬ አድቅቆ ከዳቦ ዱቄት አሻክሮ እንዲፈጭ ለባለ ወፍጮው ንገሩት። ቤት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ ልሙ በወንፊት ወርዶ ለዳቦ ይሆናል፣ ሻካራው ለባግሪር፣ ፉርሽካው ይወጣል። ፉርሽካ ያልወጣለት ሊጥ ዐይኑ ጥቃቅንና የተቆራረጠ ይሆናል።

ልኩ ይኸው፦ ሰሞሊና 250 ግራም፣ ፉርኖ ዱቄት 60 ግራም፣ ለብ ያለ ውሃ 550 ሚሊ ሊትር፣ ደረቅ የዳቦ እርሾ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ። መዳፍ የሚያህሉ 12 ያህል ይወጡታል። ዱቄቱን በሚዛን ለኩት፤ ሰሞሊና በብርጭቆ ሲለካ ሲጠቀጠቅና ሲበተን መጠኑ በጣም ይለያያል፣ ባግሪር ደግሞ በ50 ግራም ልዩነት የሚከሽፍ ነገር ነው።

ውሃው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን፤ ጣት ሲገባበት ሙቀቱ ይታወቅ እንጂ አያቃጥል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ከቤኪንግ ፓውደሩ በቀር ሁሉንም ጁስ መፍጫ ውስጥ ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ ፍጩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሻካራው ዱቄት ውሃ የሚጠጣውና ሊጡ የሚዋሃደው በዚህ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ መጨረሻ ላይ ገብቶ ለ10 ሰከንድ ብቻ ይፈጫል። መብራት ከሌለ ሰሞሊናውን በለብታው ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ሌላውን ጨምራችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ በማማሰያ ምቱት። ይሠራል፣ ዐይኑ ግን ትንሽ ይቀንሳል።

ሊጡ ቀጭን ነው። ጭልፋ ነክራችሁ ስታወጡ ጀርባው ላይ ስስ ሽፋን ይቅር፤ ጣት ሲያሰምሩበት መሥመሩ ወዲያው አይጋጠም። እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ውሃ መጨመር የተያዘውን አየር ስለሚያስወጣ፣ ውፍረቱን የምታስተካክሉት ከማቆየታችሁ በፊት ይሁን።

አሁን ስለ ከፍታ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች። ከፍ ባለ ቁጥር የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ94፣ ማርቆስ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሊጥ ውስጥ ያለ ጋዝም በቀላሉ ይነፋል። ስለዚህ ማርቆስና ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ሦስት አራተኛ ማንኪያ አውርዱት፣ ውሃውን 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ያለዚያ ዐይኖቹ እርስ በርስ ተቀላቅለው ትልልቅ ጉድጓድ ይሆናሉ፣ ቂጣውም ሲነሳ ይቀደዳል። በሌላ በኩል ደጋው ብርድ ስለሆነ እርሾው ይዘገያል። ባሕር ዳር ላይ 15 እስከ 20 ደቂቃ የሚበቃው ሊጥ ማርቆስ ላይ 40 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተመልከቱ፤ ላዩ ላይ ደቃቅ አረፋ ሲሰበሰብ ደርሷል። እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ እስኪል አትጠብቁ። የቆየ ሊጥ ጋዙን ጨርሶ ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዐይን አውጥተው የቀሩት ድፍን ይሆናሉ። ሊጡ ካለፈበት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ ብላችሁ ቀላቅሉበት፤ እንደገና ለ20 ደቂቃ ያህል ያገለግላል።

በእንጀራ እርሾ ልሥራው የሚል ይኖራል። ሊጡ ይነሳል፣ ግን ይኮመጥጣል፤ ባግሪር ደግሞ ኮምጣጣ አይደለም፣ ማርና ቅቤ የሚቀበል ጣዕም ነው ያለው። እኔ አልመክረውም። የጤፍ ጣዕም ከተፈለገ ከሰሞሊናው 50 ግራሙን በነጭ ጤፍ መተካት ይሻላል፤ ዐይኑ ደቀቅ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ለመጋገር ሊጥ የማይጣበቅበት ስስ መጥበሻ ያስፈልጋል። የሸክላ ምጣድ የማይሆነው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ነው። ባግሪር ቀዝቀዝ ያለ መጥበሻ ላይ ፈስሶ ከእሳቱ ጋር አብሮ መሞቅ ይፈልጋል፦ ሥሩ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ጋዙና እንፋሎቱ ሊጡን ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላዩ የሚረጋው ከዚያ በኋላ ነው። መጥበሻው ከጋለ ሥሩ ወዲያው ይቆልፋል፣ አረፋው መሀል ላይ ይቀራል፣ ሥሩም ጠቃጠቆ ያወጣል። ስለዚህ አንዱን ባወጣችሁ ቁጥር የመጥበሻውን ቂጥ እርጥብ ፎጣ ላይ አሳርፉት፤ ቸስ ማለቱን ሲያቆም ቀጣዩን አፍስሱ። የከሰል ምድጃ ላይ የሚጋግር ሰው ፍሙን ያሳሳ፣ በአመድም ትንሽ ይሸፍነው።

ዘይት አይቀባም። ዘይት ያለበት ቦታ ሊጡ ይንሸራተታል፣ ሥሩም ዝንጉርጉር ይሆናል። አንድ ጭልፋ፣ 60 ሚሊ ሊትር ያህል፣ መሀል ላይ አፍስሱና ተዉት፤ ራሱ ይዘረጋል። እንደ እንጀራ ቢዞር ክቡ በክቡ ላይ ሲደረብ መጋጠሚያው ይወፍርና እዚያ ዐይን አይወጣም። መካከለኛ እሳት ላይ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዐይኑ መከፈት ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ የሚያብረቀርቅ እርጥብ ቦታ ሳይቀርለት ይደርቃል። ያኔ ይነሳል። አይገለበጥም፣ አይከደንም። እንጀራ አክንባሎ የሚያስፈልገው ላዩ በእንፋሎት እንዲበስል ነው፤ ባግሪር ላይ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ዐይኑን ይደፍነዋል።

የመጀመሪያው መመርመሪያ ነው። ዐይኑ ጥቂትና የተራራቀ ከሆነ ሊጡ ወፍሯል ወይም እርሾው ገና ነው፤ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሞክሩ፣ ካልተለወጠ ውፍረቱ ነው ማለት ነው፣ አየሩ ትንሽ ቢጎዳም 1 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። ዐይኑ ተከፍቶ መልሶ ከተዘጋ እሳቱ አንሷል። ሥሩ ቀልቶ ላዩ ገና እርጥብ ከሆነ እሳቱ በዝቷል። ዳሩ ዐይን አውጥቶ መሀሉ ድፍን ከሆነ መሀሉ ወፍሯልና ጭልፋውን አሳንሱ።

የወጣው ሰፌድ ላይ በተነጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ለየብቻ ይቀመጥ። ትኩሱ በትኩስ ላይ ካረፈ እንደ አነባበሮ ይጣበቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን መደራረብ ይቻላል።

ማባያው 100 ግራም ቅቤና 100 ግራም ማር ነው፤ በዝግተኛ እሳት ቀልጠው ይዋሃዱ፣ አይፍሉ። ቅቤው ያልተነጠረ ለጋ ይሁን፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ የማሩን ሽታ ይሸፍነዋል። የጎጃም ማር ሰም ካለበት ቀድሞ ይጣራ፣ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ዐይኑ ውስጥ ይረጋልና። ሊጡ ወተትም እንቁላልም ስለሌለው ለጾም ይሆናል፤ በጾም ቀን ቅቤውን ትታችሁ ማሩን በ1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አላሉት፣ ወይም አልጄሪያ ውስጥ እንደሚደረገው በወይራ ዘይት። ማባያው ትኩስ ሆኖ በዐይኑ በኩል ይፈስሳል፤ ቂጣው ራሱ ለብ ያለ ይሁን እንጂ ከቀዘቀዘ ቅቤው ላዩ ላይ ይረጋል፣ ወደ ውስጥ አይገባም።