«ቀብድ» የምትል ቃል የአባቴን በገና አሳጣችኝ

አባቴ በችግር ጊዜ የሸጠውን በገና ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቤት አገኘሁት። ገበቴው ላይ በስተግራ ቆዳው ጠቁሯል፤ በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት ጧፉን የጣልኩበት እኔ ነኝ። በጣቴ ስዳስሰው ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለገኝም።

በ60 ሺህ ብር ተስማማን። 20 ሺውን ሰጠሁ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ ቀሪውን በወሩ ከፍዬ ልረከብ ተለያየን። ውሉን የጻፈልን ራፖር ጸሐፊ «20 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብያለሁ» ብሎ አሰፈረ። አንብቤ ደስ አለኝ። ቀብድ ከተቀበለ አለቀ፣ ሲባል ነው ያደግኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ሻጩ ደወለ። የተሻለ ዋጋ የሰጠው ሰው መጥቷል፤ «ገንዘብህን እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» አለኝ። ከሰስኩ። የተማመንኩት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1776 ነበር፦ ጠያቂው የተለየ ጥቅም ካለውና የባለዕዳው የግል ነፃነት የማይነካ ከሆነ፣ ውሉ በግድ እንዲፈጸም ሊታዘዝ ይችላል። ሕጉ ይህን የሚከለክለው ሌላ ቦታ በቀላሉ ገዝቶ ሊተካ በሚችል ዕቃ ነው። ጤፍ ቢሆን ሌላ መጋዘን እሄድ ነበር። የአባቴ በገና በምን ይተካል?

ዳኛዋ ስለ ጧፉ ስናገር ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። የሻጩ ጠበቃ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ጠራ፦ 1885። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን ከፍሎ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የእኛ ወረቀት ላይ ሌላ ስምምነት የለም። ያቺ አንዲት ቃል ለሰውየው መውጫ በር ሆነችለት፤ በሩን ከፍቼ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። 40 ሺህ ብር ፈርሜ ተቀበልኩ። «አተረፍክ እኮ!» ያሉኝ ዘመዶቼ አሉ። እስካሁን ያናድደኛል።

ራፖር ጸሐፊውንም አልተውኩትም፤ ሄጄ ጠየቅኩት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለኝ። ለሲሚንቶ ይጻፍ! ምትክ ለሌለው ዕቃ ግን «ቅድሚያ ክፍያ» በሉ፤ ቁጥር 1885 እንደማይሠራም በግልጽ አስፍሩ። ዕቃው ለእናንተ ለምን የተለየ እንደሆነ እዚያው ውሉ ውስጥ ጻፉት፣ ምልክቱን ሳይቀር። መዝገብ ቤት «መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጥ» ብለውኝ ሳምንታት አቃጥያለሁ። እኔ የምለው ክሱንና የእግድ አቤቱታውን (ዕቃው እንዳይሸጥ ፍርድ ቤት እንዲያዝ የሚጠይቀውን) በአንድ ቀን አስገቡ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ለዚህ ነው የተጻፈው። ዕቃው በቅን ልቦና ገዝቶ በተረከበ ሦስተኛ ሰው እጅ ከገባ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1161 ባለቤቱ እሱ ነው።

ባለፈው ወር ወንድሜ የአያታችንን የብር መስቀል ከጎረቤት ሊገዛ ሲል ውሉን ራሴ ጻፍኩለት። የመጀመሪያው መስመር «ይህ ክፍያ ቀብድ አይደለም» ይላል።