ምንጭ ስናጎለብት፦ ከልኬት እስከ ጎሚኒ

በቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ውስጥ ሆነን ምንጭ ስናጎለብት የመጀመሪያው መሣሪያችን ባለ 20 ሊትር ባልዲና ሰዓት ነው። ፍሰቱን የምንለካው ውሃው እጅግ በሚያንስበት ወቅት ነው፤ በልግ በሚያገኘው ደቡብ ጥርና የካቲት ላይ ማለት ነው። በመስከረም ልኬት የታቀደ ቦኖ በየካቲት ጀሪካን ያሰልፋል። ባልዲው በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው የገጠር መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሰው በቀን 25 ሊትር ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ለ1,700 ሰው ይበቃል። ሌሊት ግን የሚቀዳ የለም። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ 20 ሜትር ኩብ ገደማ ማጠራቀሚያ ካልተሠራ ግማሹ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ምንጩ ጸበል ከሆነ አካፋ ከመነሳቱ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ማነጋገር ግድ ነው። ዓይኑን አንነካም፣ ክሎሪንም አናስገባበትም፤ ከፈቀዱ ከታች ፈስሶ የሚወርደውን እንይዛለን፣ ካልፈቀዱ ሌላ ምንጭ እንፈልጋለን።

ቁፋሮው ውሃው ከአለት ወይም ከጠጠር ሲወጣ በዓይን እስኪታይ ድረስ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ግንበኛው ውሃውን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ከዓይኑ ፊት የሚገነባውን ግድግዳ ያስረዝማል፤ የታገደው ውሃ ወደ ኋላ ይገፋና ዓይኑን ትቶ በሌላ በኩል ይወጣል። አንዴ መንገድ ከቀየረ ግድግዳውን ማፍረስም ላይመልሰው ይችላል። ስለዚህ የትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ ሁልጊዜ ከዓይኑ ከፍታ በታች ይቀመጣል፣ በግንባታው ጊዜም ውሃው በቱቦ እየተቀለበሰ ሳይታገድ ይፈስሳል። ከግድግዳው ጀርባ የታጠበ ድንጋይና ጠጠር እንሞላለን፤ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከዚያ በደንብ የተጠቀጠቀ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር፣ ከዚያ ሣር።

ለኮንክሪቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር፤ ለውስጡ ልስን አንድ ለሦስት። አሸዋውን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጠን እናሳድረዋለን፤ ከላይ የረጋው ደለል ወፍራም ከሆነ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ለሰባት ቀን ውሃ ያልጠጣ ኮንክሪት ይሰነጠቃል፤ ግንበኛ ደግሞ ክፍያውን ተቀብሎ መሄድ ስለሚወድ ውሃ የሚያጠጣውን ሰው ቀድመን በስም እንመድባለን።

ከምንጩ በላይ ስምንት ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል። ባሕር ዛፍ በአካባቢው አይተከልም፤ ውሃውን ይመጥጣል፣ ሥሩም ግንቡን ይሰብራል። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ከትርፍ ውሃው፣ ከቦኖው በታች ራቅ ብሎ ይሠራል። ይህን የዘለለ ፕሮጀክት አጥሩ በከብት ሲፈርስ ከእረኞቹ ጋር መጣላት የለበትም።

ከመከፈቱ በፊት ማጠራቀሚያው ሞልቶ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 70 ግራም ያህል፣ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት ይገባበትና ያድራል። ጠዋት ይደፋል፣ ሽታው እስኪጠፋ ይታጠባል። ሲደፋ ከብት የሚጠጣበት ቦታ እንዳይደርስ ማየት ያሻል።

ግንባታው ቀላሉ ነው። ከባዱ ውሃው የማን እንደሆነ መለየት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት እ.ኤ.አ. በ1972፣ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ መንፈጋቸውን ተቃውማለች፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ እንዳይከፈል ነበር ክርክሯ። ይህን ተቀብለን ስንሠራ ግን አንድ ጥንቃቄ አለን፦ ቦኖውን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አናቆምም። ቦታው ነፃና የታጠረ ስለሆነ ያጓጓል። ሆኖም ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጀሪካን ይዞ ወደ ጸሎት ቤት ግቢ መግባት ይከብደዋል፣ እሑድ ጠዋትም በሩ በሰው ይጨናነቃል። ቦኖው የሚቆምበት ቦታ የጋራ መሆኑን ቀበሌው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ እናደርጋለን፣ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋርም ስምምነት እንፈራረማለን።

የውሃ ኮሚቴውም በሽማግሌዎቻችን አይሞላም። ምርጫው በዕድር ስብሰባ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ዕድር ሁሉንም ሃይማኖት ይይዛል፣ ገንዘብ መሰብሰብና ቀሪን መቅጣትም ያውቅበታል። ገንዘብ ያዥዋ ሴት እንድትሆን አጥብቀን እንመክራለን፤ ቦኖው ሲበላሽ ወንዝ የምትወርደው እሷ ናት። መዋጮው ቡና ወይም እህል በሚሸጥበት ወር ይሰበሰባል፣ በሌላ ጊዜ ጠይቆ ማግኘት ዘበት ነው። ሂሳቡ በዕድሩ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ብዙ ቦኖ የሚሞተው ግንቡ ፈርሶ ሳይሆን የቧንቧው ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃው እንዳያንጠባጥብ የሚይዘው ትንሹ ላስቲክ፣ አልቆ ነው። ስለዚህ ቧንቧና ቫልቭ የምንገዛው በወረዳው ከተማ ሱቅ መለዋወጫው የሚገኝለትን ዓይነት ብቻ ነው። በዕርዳታ ከውጭ የመጣ ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር አንገጥመውም።