ለቅሶም ሠርግም ያልነበረበት ማክሰኞ

እዚህ ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች አንገናኝም ማለት አይቻልም። እንገናኛለን። ግን ሁልጊዜ ምክንያት ያስፈልገናል። ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕቁብ አለ። ጉዳዩ ሲያልቅ ሁሉም ቁልፉን አንስቶ ወደ ፈረቃው ይሮጣል። ያለ ምንም ጉዳይ፣ እንዲሁ አብሮ ለመዋል ብቻ መገናኘት ቅንጦት ሆኖብናል። ይሄ ነገር ሲቆጨኝ ኖሯል። ስለዚህ አዲሷን ሞተሬን ይዤ ከጓደኞቼ ጋር ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የዋልኩባትን ማክሰኞ በደንብ ልጽፋት ነው።

ማክሰኞ የሆነችው በሥራችን ምክንያት ነው። አንዷ ጓደኛችን ነርስ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ትገባለች። ሌላው ኡበር ይነዳል፤ ለሱ ቅዳሜና እሁድ ገበያ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዕረፍታቸው ማክሰኞ ነው። እኔ ፈረቃዬን አስቀየርኩ። አራታችንም የምንችለው ቀን እስኪገኝ ድረስ ስንት ስልክ ተደዋውለናል!

ሞተሯ ሆንዳ ሬብል 500 ናት። 471 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ስድስት ማርሽ። መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ስቆም ሁለቱም እግሬ መሬት ይረግጣል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ስቴት ሞተር ለመንዳት መንጃ ፈቃድህ ላይ «ኤም» የሚባለው ምድብ ያስፈልግሃል። ስቴቱ የሚያውቀውን ሥልጠና ከጨረስክ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄደህ ሌላ ፈተና መፈተን አይጠበቅብህም። እኔም ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በብርቱካንማ ኮኖች መሃል እየተሽሎኮለኩ ነው የተማርኩት። ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ፍሬን ሳይደናገጡ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንን መሄድ ወደሚፈልጉበት መጣል። ጉድጓዱን አፍጥጠህ ካየኸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው የምትገባው። የመታጠፊያውን መጨረሻ ካየህ ሞተሯ ራሷ ይዛህ ትዞራለች።

አዲስ ሞተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መመሪያው የመጀመሪያዎቹን 300 ማይሎች ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሳትሰጥ፣ በኃይል ሳትፈተልክ፣ በእርጋታ ንዳ ይላል። አዲስ ጎማም እስኪሻክር ድረስ ያንሸራትታል። የፓርኩን መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭን፣ የመረጥነው በዚህ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። ከባድ መኪና አያስጨንቅህም፣ የትራፊክ መብራት የለም። ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ እየተጠማዘዘ እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ይሄዳል። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የተሠራ መንገድ ነው። ዳር ዳሩን ያሉትን የድንጋይ አጥሮች የሠሩት ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በሚባለው በዚያ የችግር ዘመን ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። ዛሬም ድረስ ያምራሉ። መግቢያው ለአንድ ሞተር 25 ዶላር ነው፤ ሰባት ቀን ያገለግላል።

ከመነሳታችን በፊት ጋሼ አሰላለፉን ነገሩን። ነርሷ ፊት ትመራለች። ጀማሪ ከመሪው ቀጥሎ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ እኔ ሁለተኛ። ኡበሩ ሦስተኛ። ጋሼ መጨረሻ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ እየያዝን፣ መታጠፊያ ላይ ግን በነጠላ መስመር። «ማንም ማንንም አይቀድምም። የደከመው እጁን ያንሳ፤ ሁላችንም እንቆማለን» አሉ። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለም።

ሆግባክ የሚባለው ሰፊ መቆሚያ ላይ ወርደን ሄልሜት እያወለቅን ሳለ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ። እኛ ጋ ረፋድ 4 ሰዓት ነው፣ ደብረ ሲና ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት። ተራራ ላይ ኔትወርክ አለ አይባልም፤ እዚያች ቦታ ግን ያዘ። ከኋላዬ የሸናንዶዋ ወንዝ ሸለቆው ውስጥ እንደ እባብ ሲጥመለመል ይታያል። እሷ ግን ወንዙን አላየችም።

«ምንድን ነው እጅህ ላይ ያለው?»

«ሄልሜት ነው እማዬ። ሞተር ገዛሁ።»

«በስመ አብ!» አማተበች። ትንሽ ዝም አለች። የሚያስቆጣት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

«አይ፣ አራት ነን።»

«ከኋላህ ያለው ማን ነው?»

እናት ስትጠይቅ እንዲህ ናት። ሞተሯ ስንት እንደወጣባት፣ ቀለሟ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጋሼን አሳየኋት። «ስጠኝ» አለች። ጋሼ ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

«ወንድሜ፣ ልጄን አደራ። ፍጥነት ይወዳል።»

«አይስጉ እናቴ። ከዓይኔ አይጠፋም» አሏት።

እንዳሉትም አደረጉ። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው መስታወቴን ሳይ ከኡበሩ ኋላ የጋሼ ሃርሊ ሞተር ክብ መብራት አለ። ያ መብራት አንጀቴን ነው ያራሰው። አደራ የሚባለውን ነገር እዚህ አገር ያለን ሰዎች የረሳነው ይመስለኛል። ሰው በስልክ ለማያውቀው ሰው ልጁን አደራ ብሎ፣ ያም ሰው ቀኑን ሙሉ ያን ሲጠብቅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ጋ ስንደርስ ነርሷ ፍጥነት ቀነሰች። በ1932 አለቱን ፈልፍለው የከፈቱት ዋሻ ነው፤ ርዝመቱ ከ600 ጫማ ይበልጣል። ከጠራራ ፀሐይ በአንዴ ጨለማ ውስጥ ስትገባ ዓይንህ ለጊዜው ምንም አያይም። ጥቁር መነጽር ካደረግክማ ጨርሶ አያይም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ሄልሜቴ ላይ ጠብ ጠብ አለ። አስፋልቱ ረጥቧል። እኔ የነርሷን ቀይ የኋላ መብራት ብቻ ይዤ ሄድኩ። የአራቱ ሞተር ድምፅ ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል። የጋሼ ሃርሊማ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚጮኸው።

የደብረ ሲና ልጅ ዋሻ ያውቃል። ጣርማ በር ላይ ጣልያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለው ዋሻ አለ። ከደብረ ብርሃን በኩል በብርድና በጉም ትገባለህ። በዚያኛው አፍ ስትወጣ ያ ሁሉ ቁልቁለትና ቆላ ከፊትህ ይዘረጋል። ልጆች ሳለን አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ሁላችንም በአንድ ላይ እንጮህ ነበር። ሳላስበው ሄልሜቴ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ። ወዲያው ከኋላዬ ሌላ ጩኸት ሰማሁ። ኡበሩ ነው!

ማዶ ወጥተን ስንቆም እየሳቀ መጣ። የደሴ ልጅ ነው። የደሴ አውቶቡስ ደግሞ በጣርማ በር ነው የሚያልፈው። እሱም እንደኛው ይጮህ ነበር። ስንት ሠርግ አብረን አሸብሽበናል፣ ስንት ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ይሄን አውርተን ግን አናውቅም። ከዚያ ማን ይዝጋን! ደብረ ሲና አውቶቡሱ ሲቆም ሴቶቹ በመስኮት የሚያቀብሉት ቆሎ፣ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲያስር የሚሳደበው፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ የሚወልቀው ሹራብ... ነርሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቆማ ስታዳምጠን ቆየችና «እኔንም አንድ ቀን በዚያ መንገድ ውሰዱኝ» አለች።

ቢግ ሜዶውስ ላይ ቤንዚን ሞላን። በ105ቱ ማይል ውስጥ ማደያ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ማለፍ አይመከርም፤ የሬብል ታንከር ደግሞ ሦስት ጋሎን ገደማ ነው። ምሳ ግን እዚያ አልበላንም። ጋሼ ሁልጊዜ ትንሽ አልፈው ሉዊስ ማውንቴን ነው የሚበሉት። ለምን እንደሆነ የነገሩን ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው።

ፓርኩ ሲከፈት የቨርጂኒያ ሕግ ነጭና ጥቁርን የሚለይ ነበር። ሉዊስ ማውንቴን በ1939 ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተከለለ ቦታ ነው። ያ ሁሉ ተራራ እያለ ጥቁር ቤተሰብ ድንኳን የሚተክለው፣ የሚያድረው እዚህች ጥግ ነበር። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ጋሼ በሱዳን አድርገው የመጡ የድሮ ስደተኛ ናቸው። «እኔ እዚህ አገር መጥቼ የፈለግኩበት የምቀመጠው እነሱ ስለታገሉ ነው። ስለዚህ እነሱ የበሉበት እበላለሁ» አሉ። ማንም አልመለሰም። ነርሷ በፎይል የጠቀለለችውን ቋንጣ ፍርፍር ፈታች። ኡበሩ ከቦርሳው ፔርሙዝ አውጥቶ ቡና ቀዳ። ጋሼ መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ፤ የአዲስ ሞተር ጉርሻ ነው ብለው። እኔም መለስኩላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አንዲት አጋዘን መንገዱን አቋርጣ ዘለለች። ነርሷ እጇን ዝቅ አድርጋ ፍጥነት ቀነሰች፣ እኛም ተከተልን። አጋዘን ብቻዋን አትሄድም። አንዷ ካለፈች ሁለተኛዋን ጠብቅ። እውነትም ግልገሏ ከኋላ መጣች። በቶርንተን ጋፕ ወርደን፣ በስፔሪቪል አድርገን፣ በ211 መንገድ ተመለስን። አውራ ጎዳናውን የተውነው ለአዲሷ ሞተር ሲባል ነው፤ 70 ማይል ገና አይመቻትም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ተራራው ቀይና ቢጫ ይሆናል። ያኔ ቅዳሜና እሁድ መንገዱ በመኪና ስለሚጨናነቅ፣ አሁንም ማክሰኞ ነው የምንወጣው። ነርሷ ፈረቃዋን ከወዲሁ አስተካክላለች። የኡበሩ ባለቤትም ከኋላው ልትቀመጥ የራሷን ሄልሜት ገዝታለች። በዚህኛው ዙር መሃል ላይ አንመለስም፤ እስከ ሮክፊሽ ጋፕ ድረስ ነን።