«ትክክል ነሽ፤ ግን ይቅርታ ጠይቂው»

ይህን ገጠመኝ የሰማ ሁሉ የሚገርመው ዶክተሩ ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ የነርሶች ኃላፊያችን፣ ሜትሮኗ ናት።

የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበርኩ። የአንድ ታካሚ የላብራቶሪ ውጤት መጣ። በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሺየም 2.6። ከ3.5 ሲወርድ ዝቅተኛ ይባላል፤ 2.6 ደግሞ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ተረኛው ሐኪም ጋ ደወልኩ። ሲኒየር ነው። ከእንቅልፉ እንደቀሰቀስኩት ድምፁ ያስታውቃል።

«40 ኬሲኤል ስጪው።»

«በስንት ፈሳሽ ዶክተር? በስንት ሰዓት ይግባ?»

«ፑሽ አድርጊለት፣ በቃ።»

ነርስ የሆነ አንባቢ እዚህ ጋ ክው ይላል። ለሌላው ላስረዳ። ኬሲኤል ማለት ፖታሺየም ክሎራይድ ነው፤ ፑሽ ማለት ደግሞ በሲሪንጅ በአንዴ መግፋት። ይህ መድኃኒት ሳይበረዝ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ፑሽ አይደረግም። በፈሳሽ ተበርዞ፣ በክንድ ደም ሥር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ10 ሚሊኢኩቫለንት (መለኪያው ነው) ሳይበልጥ ቀስ እያለ ይገባል። 40 ማለት እንግዲህ ቢያንስ አራት ሰዓት ነው። አምፑሉ ሲያዩት ከተራ ውሃ አይለይም። ብዙ ሆስፒታሎች ከዋርድ መደርደሪያ ላይ ያነሱት ወደው አይደለም።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እንቅልፉ ነው የተናገረው። ግን በእንቅልፍ የተነገረም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ሲሪንጁ ደግሞ ያለው እኔ እጅ ላይ ነው።

«ልድገመው ዶክተር» አልኩ። «ፖታሺየም ክሎራይድ 40፣ ሳይበረዝ፣ በደም ሥር፣ ፑሽ። እንዲህ ብዬ ልጻፍ?»

ጸጥ አለ።

«ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም፣ ያሉኝን እየጻፍኩ ነው። ሲስተርም አጠገቤ ሆና እየሰማች ነው።»

«ኦርደር ተቀብለሽ ሥሪ! ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

ይቺ «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» የምትባል ነገር ስልክ ላይ ብቻ ነው የምትኖረው። ካርድ ላይ ተጽፋ አይቻት አላውቅም። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈለገው መድኃኒቱን የሰጠው እጅ ነው። አደጋውን እያወቀች የሰጠች ነርስ «ታዝዤ ነው» ብትል ማንም አይሰማትም።

«እንግዲያው ይምጡና በእጅዎ ይጻፉልኝ፤ ፑሽ ግን አላደርግም» አልኩት። ጉልበቴ እየከዳኝ ነበር። ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

መጣ። አላናገረኝም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪቀደድ እየተጫነ ጻፈ፦ 40፣ በአንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ በአራት ሰዓት ውስጥ። ፈረመና ሄደ። ታካሚው ሽንት እየሸና መሆኑን አረጋግጬ፣ ሞኒተር ላይ አድርጌ ሰቀልኩለት። እሱ ይህ ሁሉ ሲካሄድ እያንኮራፋ ነበር።

ጠዋት ሜትሮኗ አስጠራችኝ። «ትሕትና የጎደላት» ተብዬ ተከስሻለሁ። ከወንበሯ ጀርባ የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ያ እ.ኤ.አ. በ1953 መጀመሪያ የጸደቀው። ነርስ ለሥራዋ በግሏ ተጠያቂ ናት ይላል። ካርዱን ገልጣ አነበበች። ቀና አለች።

«ትክክል ነሽ» አለችኝ። «ግን ይቅርታ ጠይቂው።»

«ምን ብዬ?»

«ስለ አነጋገርሽ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እሱ እንደዚያ ተሰምቶታላ።»

ለዚህ ምን ይባላል? ሐኪም ጋ ስትከራከሪ ማስረጃ አለሽ፣ መጠን አለ፣ ሰዓት አለ። ከተሰማው ሰው ጋር ግን ክርክር የለም። በዚያ ላይ የሆነውን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘችኝ። ሰዓት በሰዓት ጻፍኩ። አንብባ ስትጨርስ «የስልኩን ክፍል ብታወጪውስ?» አለች። የስልኩ ክፍል ከወጣ የሚቀረው ቀኑና ፊርማዬ ነው። አላወጣሁትም። ኮፒም አስቀርቻለሁ።

ይቅርታውን ግን ጠየቅኩ። ኮሪደር ላይ አግኝቼው «ዶክተር፣ ከእንቅልፍዎ ስለቀሰቀስኩዎት ይቅርታ» አልኩት። «ችግር የለውም» አለኝ፣ በትልቅ ሰው ወግ። ሜትሮኗ ደስ አላት። ሰላም ወረደ።

ከጊዜ በኋላ የጠዋት ስብሰባ ላይ ይኸው ዶክተር ተነስቶ አዲስ አሠራር አቀረበ። በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ ከዛሬ ጀምሮ ነርሷ ጽፋ ትድገመው፣ ሌላ ሰው ይስማ፣ ሐኪሙም ቆይቶ ይፈርምበት። ሜትሮኗ «በጣም አስተዋይ ሐሳብ ነው» ብላ አጨበጨበች። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። እጄን አወጣሁ።

«በትክክል እንድጽፈው ልድገመው ዶክተር?»

ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ውጭ የሮጠችው የዚያን ሌሊቷ ሲስተር ብቻ ናት።